ለፍሊፐር የተተከለ ድንኳን

ፍሊፐርን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ፍሊፐር በአራት እግር የቆመ ረጅም የእንጨት ሣጥን ነው። ላዩ መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ ሰሌዳ አለ። የብረት ኳስ በሰሌዳው ላይ እየተንከባለለች ስትወርድ ተጫዋቹ ከሣጥኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች ይጫንና በሁለት ትንንሽ ክንፎች መልሶ ወደ ላይ ይመታታል። ኳሷ የነካችው ሁሉ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ በራስጌው በኩል በቆመ ሌላ ሣጥን ላይ፣ ሥዕል ካለበት መስታወት ጀርባ ይቆጠራል። እኔ የምናገርለት ፍሊፐር ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። ሆድ ዕቃው በሙሉ ሽቦ፣ ማግኔትና ኤሌክትሪክ የሚያቀባብል የነሐስ ምላስ ነው።

ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ ከተዘጋ ብዙ ዓመት በሆነው ቡና ቤት ውስጥ ነው። እኔ አምቦ ከዋናው መንገድ ዳር በተከራየሁት ክፍል ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስታቢላይዘር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ እቃ እየፈታሁ፣ መግጠም ሲያቅተኝ እንደገና እየፈታሁ ነው የለመድኩት። አሮጌ ሬዲዮ የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ ተብሎ ሄጄ፣ ሬዲዮው የማይረባ ሆኖ ልወጣ ስል፣ ከወንበር ክምር ጀርባ አራት የብረት እግሮች አየሁ።

«ይሠራል?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ይሠራል እንጂ። የሚጫወት ሰው ነው የጠፋው።»

ሰኩልኝ። ከመስታወቱ ላይ ጠላቂ ዋናተኛ ሴቶችና ቢጫ ዓሣዎች በመብራት ብቅ አሉ። አንድ ጊዜ ተጫወትኩና በአንዴ ተሸነፍኩ። ወደ አምቦ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ መንገድ ያሰብኩት ያን የነሐስ ምላስ ነበር፤ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ እንዴት እስከ ቁጥሩ እንደሚደርስ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌው ደወሉልኝ። ሆቴል አስውባለሁ የሚል ሰው ፍሊፐሩን አይቶ ወዶታል። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ የመጠጥ መደርደሪያ ሊያደርገው ነው።

«እግሩ ነው ያማረው» አሉኝ በምሬት። «ነገ መኪና ይዞ ይመጣል። አንተ ከፈለግከው ዛሬ ድረስ።»

በሬን ስዘጋ ጎረቤቴን እትዬን አገኘኋት። ከክፍሌ ቀጥሎ ሱቅ ያላት፣ ሰፈሩን በሙሉ የምታውቅ ሴት ናት።

«ወዴት ነው በጥድፊያ?»

«አዲስ አበባ። አንድ ሽማግሌ ጋ ዛሬውኑ መድረስ አለብኝ።»

«ውይ! ጠናባቸው እንዴ?»

ያስቆምኩት ሚኒባስ እየተንቀሳቀሰ ስለነበር እጄን አወዛወዝኩላትና ገባሁ።

ሽማግሌው ማሽኑን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ። «ሰው ይጫወትበት። እንደ ሁልጊዜው ከመስቀል በኋላ ለፍልውሃ አምቦ እመጣለሁ። እየሠራ፣ ሰው እየተጫወተበት ካገኘሁት ያንተ ነው። ተኝቶ ካገኘሁት ግን ለሰውዬው እሰጠዋለሁ። እሱ ቢያንስ አቧራውን ይጠርግለታል።»

ጉዱ የተጀመረው ማሸጉ ላይ ነው። የራስጌውን ሣጥን ከአካሉ ፈታሁት፤ እግሮቹንም አወጣሁ። ሁለቱን ለየብቻ ብልካቸው አንዱ ይጠፋል ወይም ይገለበጣል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከጣውላ አንድ ረጅም ሣጥን ሠራሁላቸው፤ አካሉን አስተኝቼ ራስጌውን ከጫፉ ጋር አጋደምኩት። ራስጌው ከአካሉ ሰፋ ስለሚል ሣጥኑንም እንደ ልኩ ከላይ ሰፋ፣ ወደ ታች ጠበብ አደረግኩት። ዳርና ዳሩን በስፖንጅ ሞላሁ። ስነቀንቀው ንቅንቅ አይልም። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮራሁበት። የክረምቱ ዝናብ እንዳያገኘው ላስቲክ ጠቀለልኩበት፤ ገመዱ ላስቲኩን እንዳይቀደው ሽማግሌው ከቡና ቤቱ መስኮት ጥቁር የከፋይ መጋረጃ አውርደው ሰጡኝ። ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ነበረው። አለበስኩት።

ጠዋት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ ወደ አምቦ የሚሄድ አይሱዙ አገኘሁ።

«አደራህን ወንድሜ» አልኩት ሹፌሩን። «ምንም ነገር አይጫንበት። ሲወርድም ብዙ ሰው ይዞት፣ ቀስ ተብሎ ነው።»

ሹፌሩ ሣጥኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «አይዞህ» አለኝ። «ሁላችንም የምንሄድበት ነው።»

አምቦ ማለቱ መሰለኝ። እኔ ፊውዝና ሽቦ ለመግዛት መርካቶ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ አምቦ ስደርስ በሬ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የሰፈራችን እድር ድንኳን እንደሆነ ከሩቅ አወቅኩት፤ አንድ ጎኑ ላይ የተጣፈ ሸራ አለው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ እትዬ ሞታለች የሚል ነበር። እትዬ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ ከድንኳኑ ወጣች።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ወይ ልጄን!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ለምን ብቻህን ቻልከው? እኛ ሰው አይደለንም?»

«እትዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

«አላመነም» አለች ከኋላዋ ላሉት ሴቶች። ሴቶቹ ለቅሶውን ከፍ አደረጉት። የድንኳኑን አንድ ጥግ የያዙት የጴንጤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ በኦሮምኛ መዝሙር ጀመሩልኝ።

በኋላ ነው ነገሩ የተፈታልኝ። ሹፌሩ ጠዋት ሲያልፍ ቤቴን ጠይቆ ነበር። ጭነቱ ከየት ነው ሲሉት «ከሽማግሌው ቤት» ብሏል፤ ሲሚንቶውን ገበያ አራግፎ እንደሚመለስም ነግሯቸዋል። ከዚያ በላይ የጠየቀው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሣጥን የጫነ ሰው ብዙ አይጠየቅም።

አይሱዙው ቆሞ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ፣ በሰፈሩ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አናጢ፣ ሰዎቹን አሰልፈው ያዝዛሉ። «ኢጆሌ! ልጆች፣ በትከሻ! በክብር!» ጥቁሩ ከፋይ ከጭነቱ ላይ ብቅ ሲል ያኔ ገባኝ።

«ኦቦ!» ብዬ ጮህኩ። «እቃ ነው! ማሽን ነው!»

ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ያዙኝ። በሐዘን ያበደ ሰው ራሱን እንዳይጥል እንደሚያዝ ጥርቅም አድርገው ነው የያዙኝ።

«ልቀቁኝ! ማሽን ነው እኮ!»

«አልቅስ፣ ይውጣልህ» አለኝ አንደኛው በጆሮዬ። አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲህ ያለ ደግነት አላየሁም።

ሣጥኑ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ኦቦም ከኋላ በኩል ገቡ። እየተቀባበሉ፣ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ ወደ በሬ መጡ። ከመንገዱና ከበሬ መካከል የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ፊት ያሉት ቦዩን ሲሻገሩ ሣጥኑ ዘመም አለ። ፍሊፐር ነጥብ ሲቆጥር የሚደውልባቸው ሦስት ጠፍጣፋ ብረቶች አሉት፤ መምቻዎቻቸው በገዛ ክብደታቸው የሚወርዱ ናቸው። ወረዱ።

ዲን፣ ዳን፣ ዶን።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ተሸካሚዎቹ በያሉበት ደረቁ። ከፊት ያለው አንዱ እግሩን ለማስተካከል ተነቃነቀ፤ ሣጥኑም እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ከዶን ወደ ዲን፣ ደወለ።

«ያ ረቢ!» አሉ ኦቦ።

ፊት ያሉት ለቀቁ። ኋላ ያሉት፣ ኦቦን ጨምሮ፣ አልለቀቁም፤ ይህን ለእውነት ስል እጽፈዋለሁ። ግን ራስጌው በፊት በኩል ነበርና የሣጥኑ ሰፊ ጫፍ ከቦዩ ድንጋይ ላይ ወደቀ። የመስታወቱን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

ክንዴን የያዙኝ ሁለቱ ጎረምሶች የት እንደገቡ አላውቅም። ሰው ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ቆሟል። ከቤት ጉጠት አመጣሁና ምስማሩን መንቀል ጀመርኩ።

«ኧረ እንዳትከፍተው!» አለች አንዲት ሴት ከማዶ።

ክዳኑን አነሳሁት። ከተቀዳደደው ስፖንጅ መካከል ቢጫ ዓሣዎችና የዋናተኞች እግሮች ተቆራርጠው ታዩ። ኦቦ ብቻቸውን ቀረብ ብለው፣ በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ አዩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መጫወቻ ነው።»

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ መንገዱን ተሻገረ። እትዬ ቀስ ብላ መጣች። ነጠላዋን ከተዘቀዘቀበት አስተካከለች።

«መጫወቻ? እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ያለቀስኩት ለመጫወቻ ነው?»

አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ራሱ የሚስቅ መሰለ፤ ዘማሪዎቹ ተደጋግፈው ሳቁ፤ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ንፍሮው ተቀቅሎ ስለነበር ተበላ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ክዳኑን መልሼ ሸፍኜ መስቀል ስንት ሳምንት እንደቀረው አስብ ነበር።

ጠዋት ጉዳቱን በዝርዝር አየሁት። የመጫወቻው ሰሌዳ ደህና ነው። የአካሉ አንድ ማዕዘን ተከፍቷል። ራስጌውን ከአካሉ የሚያገናኘው የሽቦ ጥቅል ከመሰኪያው ተበጥሷል። ነጥቡን ከሚቆጥሩት ባለቁጥር ጎማዎች የአንዱ አቃፊ ተጣሟል፤ የግራው ክንፍ ማገናኛ ለሁለት ተሰብሯል። የሥዕሉን መስታወት ደግሞ መቁጠር አልፈለግኩም። አልጋዬ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ ስብርባሪውን ለቀምኩበት፤ እኔ ወለል ላይ ተኛሁ።

ለሽማግሌው ደወልኩ። የሆነውን እንደሆነው ነገርኳቸው፤ ድንኳኑንም ጭምር። ይስቃሉ ብዬ ነበር።

«ሰሌዳውስ?» አሉኝ።

«ሰሌዳው ተርፏል ጋሼ።»

«እመጣለሁ እንዳልኩህ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። ውሉ አልተለወጠም ማለት ነው።

በዚያው ቀን ኦቦ ኮላና ማጥበቂያ ይዘው መጡ። «አካም» ብለው ገቡና የተከፈተውን ማዕዘን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ባዶ የጣውላ ሣጥን ዞረው ዞረው አዩት።

«ይኼን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ ኦቦ።»

«ልኩን ከየት አመጣኸው?»

«ከማሽኑ።»

«የእኔ ልክ ነው እኮ!» አሉ፤ ለእድሩ የሬሳ ሣጥን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። «ራስጌው፣ ትከሻው… እኔ ራሴ የሠራሁት መስሎኝ ነው የተሸከምኩት። ቢያንስ ‹አልሞተም› ብለህ ጻፍበት እንጂ!»

ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቅኩት።

ከዚያ በኋላ የለቀቁት ሰዎች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ይቅርታ ያለኝ የለም። አንዱ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ምን ጎደለህ?» ይላል። የክንፉ ማገናኛ ጠንካራ፣ ግን የማይሰነጠቅ ነገር ይፈልጋል አልኩት፤ በማግስቱ የሚስቱን የፕላስቲክ መክተፊያ ይዞ መጣ። ከእሱ ቆርጬ በሞረድ ልኩን አወጣሁ። ሌላው የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪ አመጣ፤ የደረቁትን የሰሌዳውን ጎማዎች ከዚያ ቀድጄ ተካሁ። መክተፊያዋ የጠፋባት ሚስት ግን መጥታ የተረፈውን ወስዳለች።

የሽቦው ጥቅል ነው ያስቸገረኝ። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ጠፍቶ ስለነበር የማሽኑን ንድፍ ማግኘት አልቻልኩም። የሽቦዎቹ ቀለም በዕድሜ ብዛት አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኗል። ብዙ ካየኋቸው በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እያንዳንዱ ሽቦ ለዓመታት የታጠፈበትን አልረሳም። ወደ ግራ ይታጠፍ የነበረው አሁንም ወደ ግራ ያጎነብሳል፤ ሩቅ ይደርስ የነበረው ረዘም ይላል። በእጅ ሳያስገድዱት የሚሄድበትን ቦታ ይነግራል። እንደዚያ እያስቀመጥኩ፣ በቴስተር እያረጋገጥኩ፣ አንዱን ከበየድኩ በኋላ ወደ ሌላው ሄድኩ። ትክክል ያልሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። እነሱም ፊውዝ አቃጥለው ራሳቸውን አጋለጡ።

መስታወቱን ከሁለት አዲስ ንጹሕ መስታወቶች መካከል ልጠርዘው ወሰንኩ። ኦቦ ፍሬሙን ሠሩልኝ። ስብርባሪውን እያጋጠምኩ ሳስተኛው ዓሣዎቹ ተመለሱ፤ ሴቶቹም ተመለሱ፤ የመካከለኛዋ ዋናተኛ ፊት ግን ዱቄት ሆኖ ቀርቷል። ልስለው ሞከርኩ። በቀለም ጥሩ እጅ የለኝም። ስጨርስ እትዬ በሱቋ በኩል ብቅ ብላ አየችው።

«ይቺ መታወቂያ ልታወጣ የተሰለፈች ናት እንጂ ዋናተኛ አይደለችም።»

«እናስ ምን ላድርግ?»

«አጥፋው። ባዶውን ተወው፤ መብራቱ ይውጣበት።»

አላመንኩም ነበር። ሁሉም ነገር እንደነበረው መሆን አለበት ብዬ ነበር የተነሳሁት። ቀለሙን ጠርጌ አምፖሉን ሳበራው ግን ከፊቷ ቦታ ጠራ ያለ ብርሃን ወጣ፤ ሌሎቹን እንኳ አጎላቸው። ተውኩት።

የመስቀል ሰሞን ፍሊፐሩ በእግሩ ቆመ፤ ሰፈሩም በየቀኑ እየመጣ ይጫወትበት ጀመር። ቁጥሩ ይቆጥራል፤ ይደውላል፤ የቀኙ ክንፍ ኳሷን እስከ ጫፍ ይልካታል። የግራው ግን ደካማ ነው። መምታቱን ይመታል፣ ኳሷ ከሰሌዳው ወገብ ሳታልፍ ትመለሳለች። ማገናኛውን ሦስቴ ቀየርኩ። ምላሱን አጸዳሁ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ እየፈለግኩ የክንፉን ማግኔት ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሳለ፣ ሽማግሌው ከጠበቅኳቸው ቀን ቀድመው በሬ ላይ ቆሙ። ከፍልውሃ በቀጥታ ነው የመጡት፤ ፎጣቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነው።

«ተኝቷል?» አሉ።

«አልተኛም ጋሼ። አንድ አፍታ ይስጡኝ።»

ተቀመጡ። ማግኔቱን መልሼ ስገጥመው፣ ተነስተው መጡና ከትከሻዬ በላይ ተመለከቱ። የተሰነጣጠቀውን መስታወት አዩ። ፊት የሌላትን ዋናተኛ ረጅም ጊዜ አዩ። ማሽኑን አበራሁት። የግራው ክንፍ እንደነበረው ደካማ ነው።

«እሱ ድሮም ሰነፍ ነው» አሉ። «እኔ ጋ እያለም እንደዚያ ነበር። የለመደ ሰው ኳሷን ወደ ቀኝ አሳልፎ ነው የሚጫወተው።»

ከመጀመሪያው በኋላ ያን ሁሉ ማገናኛ ስሞርድ የሰነበትኩት ላልተበላሸ ነገር ነበር። ውሉ ግን ገና አልተቋጨም። ወንበራቸውን በሩ አጠገብ አድርገው፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ወደ መንገዱ ዞረው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የገባችው እትዬ ናት። ሱቋን ክፍት ትታ ነው የምትጫወተው። ቁልፎቹን የምትጫነው ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው በሙሉ መዳፏ ነው። ኳሷ ስትጠፋባት ማሽኑን «አንተ ሌባ!» ትለዋለች። ቀጥሎ ከሥራ የሚመለሱት መጡ፤ መክተፊያ ያመጣው ባልና እሱን የምታሸንፈው ሚስቱ፤ ከዘማሪዎቹ ሁለቱ፤ መጋዛቸውን በትከሻቸው የያዙት ኦቦ። እንደ ሁልጊዜው ከግድግዳው ጋር ተሰልፈው ቆሙ። አንዱ ሲጫወት ሌላው ይሰድበዋል።

«ኦቦ፣ በቀኝ! በቀኝ እንጂ!» አለች እትዬ።

«ዝም በይ፣ አናጢ አታስተምሪ!»

«እንዳይለቁት ብቻ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ከለቀቁት ሰዎች አንዱ ራሱ ነው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በዚህ መሀል የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። አንስተው ጥቂት አዳመጡ። ድምፁን ባልሰማውም ሆቴል አስዋቢው ሰውዬ እንደሆነ ከፊታቸው አወቅኩ።

«አይ ልጄ» አሉት። «ሌላ ፈልግ። እዚህ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተው ፎጣቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ተነሱ። ኦቦ ኳሳቸውን ጨርሰው ነበር። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ማሽኑ ቀረቡ።

«ጋሼ!» አለች እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ሰልፍ አለ።»

ዞር ብለው ሰልፉን አዩት። ከዚያ በግድግዳው ጥግ አልፈው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ሄደው ቆሙ።